አዘገጃጀቱን ጠይቁ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው እዚህ ድሬዳዋ ላብራቶሪና ፋርማሲ ለምትማሩት ነው። ከሰላሳ ዓመት በላይ ባክቴሪያ ሳሳድግ ኖሬያለሁ። ድሮ በቀላል አንቲባዮቲክ ድራሹ ይጠፋ የነበረው ዛሬ ከመድኃኒቱ አጠገብ ተመችቶት ሲያድግ አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። ስለዚህ ማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከርቤ ላይ ጥናት ልትሠሩ ስትነሱ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ወጣት ሳለሁ እኔም ማር ፈትሼ ነበር። ወፍራም ስለሆነብኝ እሳት ላይ አሞቅኩት፣ በውሃ በረዝኩት፣ ባክቴሪያ በዘራሁበት አጋር (ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የሚረጋ የባክቴሪያ ምግብ) ላይ በበሳኋት ጉድጓድ ጠብ አደረግኩት። በማግስቱ ሳህኑን ከኢንኩቤተር ሳወጣ ባክቴሪያው እስከ ጉድጓዷ አፋፍ ድረስ ሞልቶታል። «ማር አይሠራም» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ንብ ማሩ ውስጥ የምትጨምረው ኢንዛይም አለ። ማሩ በውሃ ሲበረዝ ይሄ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል፤ ባክቴሪያውን ከሚገድሉት አንዱ እሱ ነው። ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። ማሩን ዋጋ ያሳጣሁት እኔው ነኝ።

ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው ነው። አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሲወቀጥ ነው። ሙሉውን ብትቀቅሉት ያ ኃይሉ የለም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባውን መድኃኒት ስትፈልግ፣ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ተክሉን ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ ማፍላት እንደማይል አስተዋለች። በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ ተሳካላት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

ሳህን ላይ ባክቴሪያ ያላደገበት ጥርት ያለ ክብ ስታዩ ግን አትቸኩሉ። በረኪናም ክብ ይሠራል! ባክቴሪያውን ለመግደል ስንት መጠን እንደበቃ፣ የሰው ሴል እንደማይጎዳ ሳታዩ «መድኃኒት አገኘን» አትበሉ። በተለይ ሐኪም ያዘዘውን አንቲባዮቲክ አቋርጦ ማር የሚልስ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያሽመደምድ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ቀፊራ ገበያ ስትሄዱ ከርቤ የሚሸጡትን እናቶች ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው። ከየት መጣ? መቼ ተለቀመ? ለቁስል ሲሆን በምን ይበጠብጡታል? ያሏችሁን እንዳለ ጻፉት። የኔ ደብተር ላይ «አዘገጃጀት» የሚለው መስመር ባዶ ነው።