ለምን ሀዋሳ ገባን?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ የመጣነው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ አግኝቶ። ይሠራበት የነበረው ድርጅት አሁን የለም። «እንመለስ ወይስ እንቆይ?» ስንባባል እሱ «የመጣነው ለሐይቁ ነው» ይላል፤ እኔ የማስታውሰው የቤት ኪራዩን ነው። ማናችን ነን ልክ? በምንስ እንወስን? (ከአቶቴ፣ ሀዋሳ)

መልስ፦ ምናልባት ሁለታችሁም አይደላችሁም። ሰው ከተማው ውስጥ ከገባ በኋላ ያገኘውን ነገር ድሮም አስቦበት እንደመጣ አድርጎ ያስታውሳል። ሐይቁ ኋላ የተገኘ ደስታ ቢሆን ዋጋው አይቀንስም፤ ግን ለብቻው ይቆጠር።

ስለዚህ ትዝታውን ተዉትና ማስረጃ ፈልጉ። የመጀመሪያውን የኪራይ ውልና የቅጥር ደብዳቤውን አውጡ። ያኔ በስልክ የተጻጻፋችሁት ካልጠፋ መፈለጊያው ላይ «ሀዋሳ» ብላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ወደነበሩት ወራት ሂዱ። «አዋሳ» ብላችሁም ሞክሩ፤ በላቲን ፊደልም እንዲሁ፣ ያኔ ብዙ ሰው አማርኛውን የሚጽፈው በዚያ ነበር። ለእናት የተላከው መልእክት ትንሽ ያሳምራል፤ ለጓደኛ የተላከውን እመኑ።

ከዚያ ሳትተያዩ ለየብቻችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ከአዲስ አበባ ያስወጣችሁ፣ ወደ ሀዋሳ የሳባችሁ፣ እዚህ ከገባችሁ በኋላ ያገኛችሁት። ከእያንዳንዱ ፊት ባለፉት 30 ቀናት ስንት ጊዜ እንደተጠቀማችሁበት ይስፈር። ብዙ ሰው የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው፦ «ለሐይቁ» ባዩ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ የወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርዶ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው እያዩት ቆሮሶ ዓሣውን አስጸድቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን የሚቆይበት ምክንያት አለው።

የሥራው ነገር ግልጽ ነው። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የብዙ ፋብሪካዎች ስሌት ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ መላክ ነበር፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ይህን ከፈቀደው የአሜሪካ የንግድ ሕግ፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ ስሌቱ ተናጋ። ይህ ምክንያት ከሌለ ይሰረዝ። አንድ ምክንያት ተሰረዘ ተብሎ ግን ዕቃ አይጫንም፤ የቀሩት በየወሩ የምታወጡትን ብር ያህል ይመዝናሉ ወይ ነው ጥያቄው።

ለዚያ የሁለት ወር ወጪ መዝግቡ፦ ኪራይ፣ ባጃጅ፣ ትምህርት ቤት፣ አስቤዛ፣ እንዲሁም ለሠርግና ለለቅሶ አዲስ አበባ የምትመላለሱበት። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል፤ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ የትራንስፖርት ብቻ ሳይሆን ከሥራ የሚቀሩበት ቀንም ወጪ አለው። በአእምሯችሁ ያለውን የ2009ኙን የአዲስ አበባ ኪራይም ጣሉት። ዛሬ በምትፈልጉት ሰፈር ቢያንስ ሦስት ቤት ገብታችሁ እዩ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም፤ የስድስት ወር አምጡ የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ከበዓል በተመለሳችሁበት ሳምንት አትወስኑ፤ ያኔ የሚናፍቀው ቤተሰቡ ነው። ይልቅ ሐምሌ ላይ ልጆቹን ይዛችሁ አዲስ አበባ ሰንብቱ። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፤ ማታ ውጭ መጫወት የለመደ ልጅ ልዩነቱን በሦስት ቀን ይነግራችኋል።

ለመመለስ ካዘነበላችሁም ከቀበሌ መሸኛ ለማውጣት አትቸኩሉ። መሸኛ ወጥቶ ሐሳባችሁ ቢቀየር ወረቀቱን እንደገና ከዚያኛው ወገን ማምጣት ነው። መጀመሪያ አንዳችሁ ሄዳችሁ አንድ ወር ሥሩ፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው፤ አዳማ ቤት ልከራይ ነው። ከዓመት በኋላ «ምን ነክቶኝ ነው?» እንዳልል አሁን ምን ልጻፍ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ሰኞ ጠዋት አንዴ ተመላለሱ፣ ከቤት በር እስከ መሥሪያ ቤት በር ሰዓት ይዘው። የክፍያ መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ያደርሳል፤ ሰዓቱን የሚበላው ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ያለው ነው። ከዚያ አራት ነገር ይጻፉ፦ አዳማን የመረጡበት ምክንያት፣ ከኪራይ ይተርፈኛል ያሉት ብር፣ የወር የመመላለሻ ወጪ፣ ኪራዩ ወይም መንገዱ ስንት ሲደርስ እንደሚለቁ። የመጨረሻው በቁጥር ካልተጻፈ የሌሎቹ ጥቅም ትንሽ ነው። የውሉን ፎቶ ጨምረው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፣ ውሉ ሊያልቅ 3 ወር ሲቀረውም እንዲያስታውስዎ ይሙሉት፤ ያኔ ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ ይኖርዎታል።