ወሬው የጠፋ ባል ሚስት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን በወልድያ በኩል ባሎቻቸውን ጦርነት ከወሰደባቸው ሴቶች ጋር የምትሠራ ወጣት «አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሞት ወረቀት ቶሎ የሚወጣው እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቀችው በቅንነት ነው። እኔን ግን ወደ 1985 ደሴ፣ ማመልከቻ እንድጽፍላት ወደመጣች አንዲት ሴት መለሰችኝ።

የዚያች ሴት ባል ወታደር ነበር፤ ከየካቲት 1982ቱ የምጽዋ ውጊያ በኋላ ደብዳቤው ተቋረጠ። መርዶ አልመጣም። መርዶ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ እድሩም አልከፈላት። ጥቁር ልልበስ ብትል «በቁም ሰው ታሟርቻለሽ» ይሏታል፤ ባትለብስ ሌላ ይወራባታል። በባልየው ስም ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። አንዱን አከራይታ ልጆቿን ስታሳድግ የባሏ ወንድም «የወንድሜ ቤት ነው» ብሎ ኪራዩን ከተከራዩ መቀበል ጀመረ። ማመልከቻዋን «ባለቤቴ ስለሞተ» ብዬ ጀምሬ አነበብኩላት። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «እኔ አልቀበርኩትም» አለችኝና ወጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ወንድምየው አንዱን ክፍል ሸጦት፣ ገዢውም አፍርሶ ሠርቶበት ነበር።

ሕጉ «ሞቷል» እንድትል አያስገድዳትም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው ለጠፋ ሰው የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይፈቅዳል፤ አቤቱታው የሚቀርበው ሰውየው መጨረሻ ይኖርበት በነበረው ስፍራ ላለው ፍርድ ቤት ነው። ቢመለስ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ይረከባል። ውሳኔው ጋብቻውንም እንደሚያፈርስ ግን ሳትፈርም በፊት ንገሯት፤ በኋላ ከሰው አፍ ከሰማችው አታምናችሁም።

የጋብቻ ወረቀቱ ከተቃጠለ፣ ሚስትነቷን ለማስረዳት በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 97 አራት ምስክር ያስፈልጋል፤ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የክልላችሁን ተመልከቱ። አራቱም የእሷ ዘመድ ከሆኑ ተከራካሪው ወገን ይይዝባችኋል። ከባል ወገን አንድ ሰው፣ ከሚዜዎቹ አንዱን፣ የነፍስ አባታቸውንም ፈልጉ። የአባት ስም ያለበት የልጆች የትምህርት ቤት ካርድ፣ የድሮ ደብዳቤ ፖስታ ሳይቀር ይጠቅማል።

ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው «ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ» ብላ ስትጠይቅ ነው። ሚስት ባሏ ካልተናዘዘላት ሕጋዊ ወራሹ አይደለችም፤ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው። የጋራ ንብረቱ ግማሽ ግን ከመጀመሪያውም የራሷ ነው። መጀመሪያ ድርሻዋ ይለይ፣ ከዚያ የልጆቹ ውርስ ይቀጥል።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ቅጹን ከስልካችሁ አውርዳችሁ በአንድ ከሰዓት ሃያ ሴት ታስፈርማላችሁ። የእርዳታ ዱቄት አሸክማችሁ ፎቶ የምታነሷትን ሴት ግን ቁጭ ብላችሁ ስትሰሟት አላይም።

ወረቀት ይቅደም እላለሁ፤ ገበሬ ከሆነች ግን ሰኔ ወረቀት አይጠብቅም። በሬ ከሌላት መሬቷን የእኩል ትስጥ። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ የሚያበቃበት ዓመት ይጻፍበት፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በአፍ የተሰጠ መሬት ከጥቂት ክረምት በኋላ ያራሹ ይመስላል፤ ቀን የሌለው ውልም ያው ነው።

ለዚያች ሴት «ባለቤቴ ከየካቲት 1982 ጀምሮ ወሬው ጠፍቶብኛል» ብዬ መጀመር ነበረብኝ።