ፍሪዘሩን ከመክፈትሽ በፊት ፋይሉን ክፈቺ

ጥያቄ፦ "በሰው ጀነቲክስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ ከዓመታት በፊት ለስኳር በሽታ ጥናት የተሰበሰበ የደም ናሙና አለ፣ እሱን ተጠቅመሽ ቴሲስሽን በአእምሮ ሕመም ላይ ሥሪ አሉኝ። 'ሰዎቹ ፈርመዋል፣ ስማቸውም የለበትም' ነው ያሉት። እኔን ግን ከበደኝ። ዝም ብዬ ልሥራ? ብናገርስ መመረቄ ላይ ችግር ይመጣብኝ ይሆን?"

መልስ፦ የከበደሽ በምክንያት ነው። የአንቺን የሚመስል ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ያውቃል።

በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩ ሃቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ስኳር በሽታ ክፉኛ እየጎዳቸው ስለነበር ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደሙ ግን ስኳር ላይ አልቆመም። ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ዋለ። በዘመዳሞች መካከል ስለሚኖር መዋለድም ተጠናበት። ቅድመ አያቶቻቸው ከሌላ አህጉር ተሰደው መምጣታቸውም ተጻፈበት። እነሱ ደግሞ መገኛችን ይሄው ሸለቆ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደወጣ ልንገርሽ፣ ተማሪ ስለሆንሽ ይመለከትሻል። በ2003 አንድ የዶክትሬት ተማሪ ጥናቱን ሲያቀርብ ከአድማጮቹ መካከል አንዲት የሃቫሱፓይ ሴት ነበረች። ደማችንን ለዚህ ለመጠቀም ፈቃድ አለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አስቢው፣ ሰው ሁሉ እያየው ለጥያቄው የተጋለጠው ተማሪው ነው። ሃቫሱፓዮቹ የመሠረቱት ክስ በ2010 በስምምነት ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ከፈለ፣ የተረፈውንም ደም መለሰ።

ልብ በይ፣ እነዚህም ሰዎች ፈርመው ነበር። ቅጹ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፣ የባህርይና የጤና ችግሮችን መንስኤ ለማጥናት ይላል። ብዙዎቹ የገባቸው ግን ስኳር ብቻ ነበር። ስለዚህ "ፈርመዋል" የሚለው ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። ምን ተብለው ፈረሙ?

"ስማቸው የለበትም" የሚለውም ብዙ አያስኬድም። እሺ፣ ቲዩቡ ላይ ያለው ባርኮድ ብቻ ነው። በ2013 ግን ተመራማሪዎች ስም የሌለበትን የዋይ ክሮሞዞም (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን የዲኤንኤ ክፍል) መረጃ በኢንተርኔት ላይ ካሉ የዘር ሐረግ መፈለጊያዎች፣ ከዕድሜና ከመኖሪያ ግዛት ጋር አገናኝተው ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎችን ማንነት ደረሱበት። ምንም አልሰረቁም፣ ሁሉም ክፍት መረጃ ነው።

ደግሞ የአንድ ሰው ዲኤንኤ የእሱ ብቻ አይደለም። ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች አሜሪካዊት የካንሰር ሕመምተኛ በ1951 ሳትጠየቅ ከዕጢዋ ሴል ተወሰደ፣ በዚያው ዓመት ሞተች። ከ62 ዓመት በኋላ የዚያ ሴል ጂኖም (ሙሉ የዲኤንኤ መረጃው) ቤተሰቧ ሳያውቅ ይፋ ሆነ። የእሷ ጂኖም ግን ስለ ልጆቿና ስለ ልጅ ልጆቿም ያወራል። ቤተሰቡ ሲቃወም መረጃው ከአደባባይ ተነሳ፣ በኋላም ማን ይጠቀምበት የሚለውን በሚመለከት ኮሚቴ ውስጥ ሁለት የቤተሰቡ አባላት ገቡ። ያንቺ ናሙና ከአንድ አካባቢ የመጣ ከሆነ የማንም ስም ሳይጠራ "እነዚህ ሰዎች የአእምሮ ሕመም በዘራቸው አለ" መባል ሊመጣ ይችላል። ስኳር አለባቸው ከመባል ጋር አንድ አይደለም።

የጀነቲክስ ሥነ ምግባር ሲባል ብዙ ተማሪ የሚታየው በ2018 ጂናቸውን የቀየርኳቸው መንትዮች ተወለዱ ብሎ ዓለምን ያስደነገጠው፣ በኋላም ሦስት ዓመት የተፈረደበት ቻይናዊ ሳይንቲስት ነው። እንዲህ ያለው በዕድሜሽ አንዴ ቢያጋጥምሽ ነው። የድሮ ናሙና ግን ላብ በገባሽ ቁጥር ይጠብቅሻል።

አሁን ወደ ሥራው። አማካሪሽን አትክሰሻቸው፣ ምናልባት እሳቸውም ወረቀቱን ካዩት ቆይተዋል። እንዲህ ብለሽ ኢሜይል ጻፊ፦ "የፕሮፖዛሌን የሥነ ምግባር ክፍል እየጻፍኩ ነው። የናሙናዎቹን የስምምነት ቅጽና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን የማጽደቂያ ደብዳቤ ባገኝ ብዬ ነው።" የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ጽሑፍሽን የምትልኪለት ጆርናልም ይጠይቅሻል። ቅጹ ሲመጣ አንድ ነገር ፈልጊ፦ ናሙናው ለሌላ ጥናት ይውላል ይላል? ይልም አይልም አዲሱ ጥናት ወደ ኮሚቴው ይሂድ። ሰዎቹ እንደገና ይጠየቁ ወይስ አይጠየቁ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ አንቺም አማካሪሽም አይደላችሁም።

አማካሪሽ "ተይው" ካሉሽ የኮሚቴውን ጸሐፊ አነጋግሪ። ምንም አይደርስብሽም ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ሴሚስተር ሊገፋብሽ ይችላል፣ ፊትም ሊነሱሽ ይችላሉ። ስለዚህ የተጠባባቂ ርዕስ ከአሁኑ ያዢ፤ በዚያው ናሙና ላይ ስኳርን የሚመለከት ቢሆን ይመረጣል፣ መጀመሪያ የተፈቀደውም እሱ ነውና።

ኢሜይሉን ዛሬ ማታ ጻፊው፣ ጠዋት አንዴ አንብበሽ ላኪው። ቲዩቦቹ ዓመታት ቀዝቅዘው ቆይተዋል፣ ሁለት ሳምንት ቢጨመርባቸው አይበላሹም።