በይሉኝታ የተጨረመተ ላሜራ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የጎደጎደ ላሜራ ሳቃና ነው። አውራ ጎዳና ላይ የተጋጨ መኪና ተጎትቶ ይመጣል፤ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የተጋጨውን ግን ልጁ ራሱ እየነዳ ያመጣዋል፣ ገና ከመውረዱም «መንዳት እኮ እችላለሁ» ይለኛል። አምነዋለሁ። እዚያ ውስጥ አብዛኞቻችሁን የሚያጋጫችሁ አለመቻል ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ልትወጡ ስትሉ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ መኪና ደርሶ ይቆማል፤ ክላክስም ይነካ ይሆናል። በቃ፣ ትጣደፋላችሁ። የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ መሪውን ወዲያው ትጠመዝዛላችሁ፣ ዓይናችሁ ከኋላ አይነቀልም። የሚመታው ግን የፊቱ ጥግ ነው። መሪ የሚያዘው የፊቱን ጎማ ስለሆነ፣ ጀርባው ወደ ቀኝ ሲዞር አፍንጫው ወደ ግራ ይወጣና የጎረቤትን መኪና ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለውን ሽፋን፣ ይፍቃል። ወደ ፊት ስትታጠፉ ደግሞ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የኋላ በሩ የተፋቀ መኪና ሲመጣ «ምሰሶ ነው?» እላለሁ፤ እንዴት አወቅህ ይሉኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የቻላችሁትን ያህል ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ መሪው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ከሁሉ የሚሻለው ስትገቡ በጀርባ ገብቶ ስትወጡ ፊት ለፊት እያዩ መውጣት ነው። ካሜራ አለኝ አትበሉኝ፤ ሰፊ ቦታ ስለሚያሳይ ቅርቡን ሩቅ ያስመስለዋል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትርም ዝግታ ይመስላል እንጂ በአንድ ሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ከሁለት መኪና መሃል ብቅ ለሚል ሕፃን ይህ ብዙ ነው። ክላክስ የሚነካው ሰውዬ ይጠብቅ።

ከተጋጫችሁ በኋላም ያው ይሉኝታ ይመለሳል። ወርዳችሁ ታያላችሁ፣ «ምንም አልሆነም» ትላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ፓራውልት፣ ማለትም የመኪናው የፊትና የኋላ መከላከያ፣ ፕላስቲክ ነው፤ ተጨፍልቆ ተመልሶ ይነፋል። ከውስጡ ያለው መያዣ መሰበሩን፣ ሴንሰሩ ከቦታው መነቃነቁን እኔም ሳልፈታው አላውቅም። መኪኖቹ ሳይነቃነቁ ፎቶ አንሱ፣ ባለቤቱን ጠብቁ፤ ካልመጣ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ትታችሁ ሂዱ።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ግንብ ነካሁ ብሎ የተፋቀ መኪና አመጣልኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ፤ ፓራውልቱ ላይ የልጁ መኪና ቀለም ተለጥፏል። ለልጁ ደወልኩለት። ሲመጣ ሰውየው አልተቆጣም። «ቆመህ ብትጠብቀኝ ኖሮ ምን እልህ ነበር?» ብቻ አለው። ልጁ መልስ አጥቶ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ሲያዞር ቆየ።