ክር ወይስ ፈትል?

ጥያቄ፦ ስለ ሰው ሠራሽ ጡንቻ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጡንቻው የሚሠራው አንድ ላይ ከተጠመዘዙ የካርቦን ናኖቲዩቦች (እጅግ ጥቃቅን የካርቦን ቱቦዎች) ነው። “የናኖቲዩብ ክር” ልበል ወይስ “ፈትል”? ሲሠራስ “ተኮማተረ” ይባላል?

መልስ፦ “ፈትል” ይበሉ። ክር ማለት ስህተት ሆኖ አይደለም። ግን ቀጭንና ረጅም የሆነ ነገር ሁሉ ክር ይባላል። የናይሎን የዓሣ ማጥመጃም ክር ነው፤ የፈተለው ግን የለም። ፈትል አሠራሩን በሆዱ ይዟል።

እዚህ ደግሞ ቁም ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ሬይ ባውማንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ናኖቲዩቦቹ እንደ ጫካ ቀጥ ብለው ይበቅላሉ። ከዳር ሲሳቡ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወጣል፤ እየወጣም ይጠመዘዛል። ባዘቶ ሲፈተል ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሙጫ የለውም። አጥብቆ የያዘው መፈተሉ ነው።

አሁን ወደምወደው ቃል ልምጣ፤ “ከረረ”። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው ለጠብና ለአቋም ነው። እስቲ አንድ ክር በሁለት እጅዎ ይያዙና አንዱን ጫፍ ደጋግመው ያዙሩት። ይከርራል። ትንሽ ላላ ሲያደርጉት ራሱ ላይ ይጠቀለላል። ጡንቻው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ፈትሉ ሞላ (ስፕሪንግ) እስኪመስል ድረስ ይከርራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቀረበው ዓይነት ውስጡ ፓራፊን ሰም አለ። በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ያብጣል፣ ፈትሉ ይወፍራል፣ የከረረው ሊፈታ ይታገላል። ያኔ ሞላው ያጥርና ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ክብደት ወደ ላይ ይስባል። ሳይጠቀለል የቀረው ፈትል ደግሞ ይሽከረከራል፤ በደቂቃ በአማካይ 11,500 ዙር!

ስለዚህ “የተጠመዘዘ” ብቻ ማለት አይበቃኝም። የታጠበ ልብስም ይጠመዘዛል፤ ውሃው ሲወጣ ነገሩ አለቀ። የከረረ ግን ጉልበት አምቆ ነው የሚቀመጠው። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ያው የባውማን ቡድን ተራ የዓሣ ማጥመጃ ክር አክርሮ ጡንቻ አድርጎታል።

“ተኮማተረ”ን ለሥጋው ጡንቻ ለምደነዋል። እኔ ግን ስሰማው የተጨማደደ ቆዳ ነው የሚታየኝ። ለዚህኛው “ተሰበሰበ” ይሻላል፤ ሞላ ይሳባል፣ ይሰበሰባል። ጽሑፍዎ ሁለቱን ጡንቻዎች ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ከሆነ ግን አንባቢ እንዳይደናገር ለሁለቱም “ተኮማተረ”ን ይጠቀሙ።

“ናኖቲዩብ”ንም “ናኖ ቱቦ” ቢሉት ደስ ይለኛል። ቱቦ ውስጡ ክፍት መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ ዓረፍተ ነገርዎ ይህን ይመስላል፦ “የከረረው የናኖ ቱቦ ፈትል ሲሞቅ ይሰበሰባል፤ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል።”