ዲግሪዬ ላይ አንድ ስም፣ ፓስፖርቴ ላይ ሌላ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ለሚገኙ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ እያመለከትኩ ነው። የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ሰነዶቼን ስካን ሳደርግ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት። በእንግሊዝኛ ስሜ ዲግሪዬ ላይ በ"ጂ፣ ኢ" ያልቃል፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን በ"ጂ፣ አይ፣ ኢ" ነው። የአባቴ ስም ገብረሕይወት ዲግሪዬ ላይ አንድ ቃል ነው፤ ፓስፖርቴ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ፓስፖርቱ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል፤ ትራንስክሪፕቴ ላይ ደግሞ የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው። ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው ለቶፍል የተመዘገብኩት በዲግሪዬ ስም ነው፤ ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ፍርድ ቤት ሄደሽ ስም አስለውጪ ይለኛል። ፎቶኮፒ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ የዲግሪውን ስካን በአሥር ደቂቃ አስተካክልልሻለሁ አለኝ። ምን ላድርግ?

ፅጌ፣ ከባሕር ዳር (ስሞቹ በጠያቂዋ ፈቃድ ተቀይረዋል)

መልስ

ፅጌ ልጄ፣ አይዞሽ። ዛሬ ከጀመርሽ አምስት ሳምንት ይበቃሻል።

መጀመሪያ የፎቶኮፒ ቤቱን ነገር እንጨርስ። እንዳታደርጊው። ልጁ ሊረዳሽ አስቦ ይሆናል። ግን አሁን የምትልኪው ስካን ብቻ ነው። ከተቀበሉሽ በኋላ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዋናውን ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከሬጅስትራር ይጠይቃሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ አንድ ፊደል ተነካክቶ ካገኙ ጉዳዩ የአጻጻፍ ልዩነት መሆኑ ይቀራል፤ የተጭበረበረ ሰነድ ይሆናል። ቅበላሽም ይሰረዛል። አሁን ያለሽ ችግር አንቺ ያላጠፋሽበት ችግር ነው። እንደዚያው ይቆይ።

ፍርድ ቤትም አያስፈልግሽም። ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚቀላቅል ነው እንዲህ የሚመክርሽ። በአማርኛ ስምሽ የልደት ሰርተፍኬትሽም፣ ፋይዳሽም፣ ዲግሪሽም ላይ ፅጌ ገብረሕይወት ከሆነ ስምሽ አልተለወጠም። የተለያየው በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ ነው። ፍርድ ቤት የሚያስኬደው አማርኛውም ሲለያይ ነው። በሬጅስትራር በሠራሁባቸው 19 ዓመታት እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ። አያቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አያቱ አባት ተብለው ይመዘገባሉ። ዓመታት አልፈው ፓስፖርት ሲያወጣ የወላጅ አባቱ ስም ይመጣል። ወይ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም ትምህርት ቤት ገብቶ ይቀራል፤ ቀበሌ ያለው ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጊዜም ይወስድበታል። ለእንደዚህ ዓይነት አንባቢዬ የምለው፣ ለማመልከት ያሰብክበትን ዓመት አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ጀምር።

የአንቺ ዓይነቱ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ላስረዳሽ፤ በኋላ ለትምህርት ቤቶቹ የምትጽፊው ይህንኑ ነውና። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገቢ ስምሽን በእንግሊዝኛ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ ወይም የክፍል ኃላፊ መምህርሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያንኑ ወሰደ። ፓስፖርቱን ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ከአማርኛው ተነስቶ ጻፈው። የእኛን ፊደል ወደ ላቲን የምንገለብጥበት ሁሉም ቢሮ የሚከተለው አንድ ደንብ የለም። "ቀ"ን አንዱ በ"ኬ"፣ ሌላው በ"ኪው" ይጽፈዋል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ብለው የሚጀምሩት ስሞች ደግሞ አንዴ ይገጠማሉ፣ አንዴ ይለያያሉ።

እኔም ደርሶብኛል። የአባቴ ስም እንደ አባትሽ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ወደ አውሮፓ ለማስተርስ ሳመለክት ቅጹ ላይ ለሁለት ከፍዬ ጻፍኩት። ትራንስክሪፕቴ ላይ አንድ ቃል ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ "ትራንስክሪፕትዎ አልደረሰንም" የሚል ኢሜይል ይመጣልኝ ነበር። ለካ ደርሷል፤ በሌላ ስም በተከፈተ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የተገኘው የማመልከቻ ቁጥሬንና ሁለቱንም አጻጻፍ ጽፌ ስልክላቸው ነው። ትምህርቱን አገኘሁ፤ የስኮላርሺፑ ቀን ግን አልፎኝ ነበር። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው "ስሜ ስለተለያየ ይጥሉኛል" ብለሽ አትፍሪ የምልሽ። የሚያስፈራው ወረቀትሽ ከፋይልሽ ጋር ሳይገናኝ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ፓስፖርትሽን መነሻ አድርጊ። ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይጠጋል።

ዛሬ የምትሠሪው የቶፍሉን ነው። የፈተናው ቀን በር ላይ የምታሳዪው ፓስፖርት ከሆነ የተመዘገብሽበት ስም ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰል አለበት። ካልሆነ ሊመልሱሽ ይችላሉ፤ የከፈልሽው ገንዘብም ይቀልጣል። አካውንትሽ ውስጥ ስሙን መቀየር እንቢ ካለሽ አዘጋጁን ኢ.ቲ.ኤስ.ን በስልክ ወይም በኢሜይል አግኚ። ከፈተናው በፊት ይሁን። ከፈተናው በኋላ ስም ማስተካከል ሌላ ጣጣ ነው።

የማመልከቻ ቅጹን እንደ ፓስፖርቱ ሙዪ። የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የአያትሽን ስም አስገቢ፤ የአባትሽን አታስገቢ። አብዛኞቹ ቅጾች "ሌላ የተጠቀሙበት ስም" ወይም "በቀድሞ ሰነዶች ላይ ያለ ስም" የሚል ሳጥን አላቸው። ሰው ያላገባ ከሆነ አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል። አንቺ እንዳታልፊው። የዲግሪውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል እዚያ አስፍሪ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽ መምህራንም የሚያውቁሽ በአባትሽ ስም ነው። የፓስፖርቱን አጻጻፍ ላኪላቸውና ደብዳቤው ላይ እሱን ይጻፉ።

ከዚያ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ማብራሪያ ጻፊ። ይቅርታ አትጠይቂበት፤ አስረጂ። በኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው ስሜ የአባቴ፣ ሦስተኛው የአያቴ መጠሪያ ነው በያቸው። ሁለቱንም አጻጻፍ ከነሰነዱ ዘርዝሪ። ከሥሩ ሙሉ ስምሽን በአማርኛ ጻፊና በሰነዶቼ ሁሉ ላይ አንድ ነው በይ። ፓስፖርቱን፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና ዲግሪውን አያይዢ። ሦስቱን ከማብራሪያው ጋር በአንድ ፒዲኤፍ አድርገሽ ተጨማሪ ሰነድ በሚለው ቦታ ጫኚው።

ቀጥሎ ሬጅስትራር። "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ ጠይቂ። ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ተመራቂ መሆናቸውን፣ የመታወቂያ ቁጥርሽንና የተመረቅሽበትን ዓመት ይግለጽ። ፓስፖርትሽን አሳዪያቸው፤ ሳያዩ የሚፈርም የለም። ራስሽ መሄድ ካልቻልሽ ውክልና መስጠት ሊያስፈልግሽ ይችላል። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ካልከፈልሽ ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ አይወጣልሽምና እሱን ቀድመሽ ጨርሺ። ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ ሲላክ ይህ ደብዳቤ አብሮ እንዲታሸግ ለምኚያቸው። ፖስታው ላይ የማመልከቻ ቁጥርሽ ይጻፍበት። የእኔን ስድስት ሳምንት የሚያድንልሽ ይህ ቁጥር ነው።

ትምህርት ቤቱ በቃለ መሐላ የተረጋገጠ ማብራሪያ አምጪ ብሎ ከጠየቀሽ እዚያው ባሕር ዳር ሰነድ የሚያረጋግጠው ቢሮ ሄደሽ ታሠሪያለሽ። ካልጠየቁሽ አትድከሚ።

ስሙን ስታዪ የልደት ቀንሽንም አብረሽ እዪ። ፋይል የሚገጣጥሙት በስምና በልደት ቀን ነው። ብዙ ሰው ከእኛ ዓመት ላይ 8 ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ድረስ የሚደመረው 7 ነው። ኅዳር 12 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ነው የተወለደው። 1998 ብሎ የጻፈ ስንቱን ፎርም መልሻለሁ። ቅጹ ላይ የምትጽፊው ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ተቀባይነት ስታገኚ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ይልኩልሻል። ኢሜይሉ እንደደረሰሽ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ስህተት ካለ ለቪዛ ቀጠሮ ሳትሄጂ ያርሙልሽ። የቪዛው ቅጽ ዲኤስ-160 ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። አዎ በይና የዲግሪውን አጻጻፍ አስገቢ። እዚያው ቅጽ ላይ ሙሉ ስምሽን በአገርሽ ፊደል የምትጽፊበት ቦታም አለ። ፅጌ ገብረሕይወት ብለሽ ከነአያትሽ ሙሉውን ጻፊው።