«ብረቶቹ የእኔ ናቸው» ወይስ «እኩል እንካፈል»? የደጓሹ ልጅ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አያቴ ደጓሽ ነበሩ። የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ጠርዘው፣ ባሕር አረብ አልብሰው፣ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ያወጡበት ነበር። አባቴ ከእሳቸው ተማረ፣ እኔ ከአባቴ። ፒያሳ አጠገብ በቀበሌ ቤት ነው የምንሠራው። 18 ዓመት ሲሞላኝ አባቴ የአያቴን ሰባት ብረቶች በጨርቅ ጠቅልሎ «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናቸው» ብሎ ሰጠኝ። እሱ ካረፈ ስድስት ወር ሆነው። ሁለቱ ወንድሞቼ ሁሉም ተሸጦ እኩል እንካፈል ይላሉ፤ አንዱማ ለአንድ አሮጌ ብራና ፈረንጅ ገዢ አግኝቷል። እኔ ጋ «የድጉሱ ዕቃ በሙሉ ለልጄ» የሚል፣ ኮምፒውተር ቤት የተጻፈ፣ አባቴ የፈረመበትና ሁለት ጎረቤቶች የመሰከሩበት ወረቀት አለ። ይሠራል?

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ክፉውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርሽና ልገላገል፤ ወረቀቱ እንደ ኑዛዜ የሚቆም አይመስለኝም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የሚደረገው፣ አራት ምስክር ይፈልጋል። ሁለት የሚበቃው አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጠቀስ አለበት፤ በዚህች አንድ መስመር መጉደል ስንት ኑዛዜ ፈርሷል መሰለሽ። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገውን ደግሞ አባትሽ ራሳቸው ሊጽፉት ይገባ ነበር፤ ያንቺን የጻፈው የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ነው። የቃል ኑዛዜስ? ለእሱ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ግን ሰው ሞቱ ሲቃረብበት የሚናገረው ነው፣ በዚያ ላይ የሚሰጠው እያንዳንዱ ነገር ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ያኔ 500 ብር ብር ነበር! ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ሙያውን ማን ተማረ፣ ማን ከሰል ሲያራግብ አደገ ብሎ ሕጉ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሰባቱ ብረቶች እንምጣ። አንቺ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻቸዋል፣ እኔ ግን የጉዳይሽ ጉልበት እዚያ ነው ባይ ነኝ። የሚንቀሳቀስ ዕቃ በስጦታ ሲሰጥ እጅ በእጅ መረካከቡ ይበቃል፤ ውል አልተጻፈም ተብሎ አይፈርስም። አባትሽ በሕይወት ሳሉ ካስረከቡሽ ብረቶቹ ያኔውኑ ያንቺ ሆነዋል። የሚቀርሽ ማስረዳት ነው። ያን ቀን ማን ነበር? ከዚያ በኋላ በእነሱ ስትሠሪ ማን አይቷል? እንደ ኑዛዜ የማይጠቅመው ወረቀትም እዚህ ላይ እንደ ደጋፊ ማስረጃ ሊያግዝሽ ይችላል። ግን አደራ፣ የተሰጡሽ ሰባት ናቸው፤ የቀሩትንም ሰጥቶኛል ብለሽ ሁሉንም አትጪ።

እናትሽ ካሉ ሌላ ሒሳብ አለ። በውርስ ሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ በቤተሰብ ሕጉ ግን በትዳር ውስጥ የተፈራው ግማሹ የራሷ ነው። ስለዚህ አባትሽ በትዳር ዘመናቸው የገዙት መጭመቂያ፣ ቆዳና እንጨት መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ እናንተ የምትካፈሉት የአባታችሁን ግማሽ ብቻ ነው። አባትሽ ከአያትሽ የወረሱት ዕቃ ግን የግላቸው ስለነበር በሙሉ ለልጆች ይሄዳል።

ቤቱ የቀበሌ ነው፣ አይወረስም። ውሉ በስምሽ ይዛወር እንደሆነ ወረዳውን ጠይቂ። የንግድ ፈቃዱንም በራስሽ ስም አውጪ።

ያ ብራና የማን ነው? ደንበኛ ለጥገና ትቶት የሄደ ከሆነ አደራ እንጂ ውርስ አይደለም፤ ወንድምሽ የሰው ንብረት ነው የሚሸጠው። የአባትሽ ቢሆን እንኳ የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አይፈቅድም፣ ነገሩ በወንጀልም ያስጠይቃል። ይሄን ለወንድምሽ ዛሬውኑ ንገሪው። እኔ ብሆን በጽሑፍ እነግረው ነበር።

ወንድሞችሽ «ንድፎቹም ይከፈሉ» ብለዋል አልሽኝ። ከድሮ የመጣው ሐረግና መስቀል የማንም አይደለም፤ አሠራሩንም፣ ብረቱን ከከሰል አውጥቶ እርጥብ ጨርቅ አስነክቶ «ቺስ» ሲል ሙቀቱን መገመቱን፣ የቅጂ መብት አዋጁ አይጠብቀውም። ማንም አይቀማሽም፣ አንቺም ማንንም አትከለክይም። አባትሽ ራሳቸው ፈጥረው ደብተር ላይ የሳሉት ንድፍ ካለ ግን መብቱ ከሞታቸው በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ እሱ የሦስታችሁም ነው።

ፍርድ ቤት ከደረሳችሁና መስማማት ካቃታችሁ ዕቃው በጨረታ እስከ መሸጥ ይደርሳል። የቀረውን ዕቃ ሙያውን የማያውቅ ሰው ይገዛውና ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል፣ ለወንድሞችሽም የሚደርሳቸው ኪስ የማይሞላ ነው። ስለዚህ ሙያውን በሚያውቅ ሰው አስገምቱ፣ ዕቃው ሳይበተን አንቺ ጋ ይቅር፣ ድርሻቸውን በየወሩ ክፈያቸው። ወራሽነታችሁን በፍርድ ቤት አረጋግጡና ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ብረት ቁጥር ሰጥተሽ ፎቶ አንሺ። መደርደሪያው ላይ ላሉት የደንበኞች መጻሕፍት ባለቤቶችም ነገ ዛሬ ሳትይ ደውዪ።